ባለ እጅ የላኩት ጳጳስ

«ኤጲስ ቆጶስ» የሚለው ከግሪክ የመጣ ማዕረግ ሲፈታ ከላይ ሆኖ የሚመለከት፣ መንጋውን የሚጎበኝ ማለት ሲሆን፣ «ሐዋርያ» የሚለው ደግሞ «ሖረ» ከሚለው የግእዝ ግስ ወጥቶ ሂያጅን፣ በሌላ ታዝዞ መንገድ የጀመረን ሰው ያመለክታል። ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳትን የሐዋርያት ወራሾች ብላ ስትጠራ ሁለቱን ግብሮች በአንድ ትከሻ ላይ ታኖራለች፤ ጳጳስ የተላከ ነው፣ ጳጳስ ጠባቂም ነው። ነገር ግን የተላከ ሰው በመንገድ ላይ ነው፣ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ በአንድ ቦታ የቆመ ነው፤ ጠባቂው ራሱ ሌሎችን የሚልክበት ቀን ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። የላካቸው ሰዎች በሩቅ አገር፣ በሌላ ጌታ ትእዛዝ ሥር ገብተው እርሱ ያላሰበውን ሥራ ቢሠሩ፣ ሥራው የማን ይባላል? የማዕረጉ ስም የሆነው ያ ተመልካች ዐይንስ እስከ የት ይደርሳል? ይህ ሐተታ ጥያቄውን የሚመረምረው በሳሙኤል ጎባት ሕይወት በኩል ነው፤ እኒህ ሰው በጎንደርና በዐድዋ የኖሩ፣ አማርኛ የተማሩ፣ ኋላም ሁለት ነገሥታት ተዋውለው ባቆሙት መንበር ላይ የኢየሩሳሌም አንግሊካን ጳጳስ ሆነው 33 ዓመት የተቀመጡ፣ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስም ባለ እጆችን የላኩ ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ጥያቄውን ከቀጨኔ ሆኖ ማንሣት ያለ ምክንያት አይደለም። በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ያለው ይህ ሰፈር የሸክላ ሠሪዎች፣ የሸማኔዎችና የቀጥቃጮች መንደር ሆኖ የኖረ ሲሆን፣ ከነዋሪዎቹ መካከል ከሰሜን ሸዋ የመጡ፣ ዘራቸውንም ከቤተ እስራኤል የሚቆጥሩ ይገኙበታል። «ባለ እጅ» በአማርኛ የእጅ ሙያ ያለው ሰው ማለት ነው፤ ይሁን እንጂ ቃሉ ለብዙ ዘመን ምስጋናና ስድብን አንድ ላይ ይዞ ኖሯል። ማረሻውን የሚሠራው፣ ምጣዱን የምታበጀው፣ ሸማውን የሚሸምነው ሰው ሥራው በየቤቱ ገብቶ ሳለ እርሱ ራሱ ግን በዐይኑ ሰው ይበላል፣ ቡዳ ነው እየተባለ ከማዕድና ከጋብቻ ይገለል ነበር። ከባሕር ማዶ ተነሥተው ወደ ቴዎድሮስ አገር የመጡት ሰዎችም የመጡት ባለ እጅ ተብለው ነው፤ ስለዚህ የጳጳሱን ነገር ለመመዘን የእጅን ሥራ ክብርና ውርደት ከሚያውቅ ሰፈር የተሻለ ቦታ አይገኝም።

አንግሊካን የሚባለው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ በ16ኛው መቶ ዓመት ከሮማ ተለይታ፣ የጳጳሳትን ተዋረድ እንደ ጥንቱ ይዛ፣ የአገሩን ዘውድ የበላይ ገዥዋ አድርጋ የቆመች ናት። ዛሬ በኢትዮጵያ የዚህ ሥርዓት ተከታዮች በይበልጥ በጋምቤላ የሚገኙ ሲሆን በአዲስ አበባም የቅዱስ ማቴዎስ ቤተ ክርስቲያን አላቸው። ዘውድ የበላይ በሆነባት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የጳጳስ ሹመት ከመንግሥት ጉዳይ ፈጽሞ ሊለይ አይችልም፤ የኢየሩሳሌሙ መንበር ግን ከዚያም አልፎ ከሥሩ የዲፕሎማሲ ፍሬ ነበር።

ጎባት ወደዚያ መንበር የደረሱት በአበሻ ምድር አልፈው ነው። በ1799 በስዊዘርላንድ፣ በበርን ግዛት፣ ክሬሚን በተባለች መንደር ተወልደው፣ በባዝል ከተማ በሚገኘው የሚሲዮን ቤት ተምረው፣ በፓሪስ ዐረብኛ አጥንተው፣ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን ማኅበር በሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት ተልከው በ1826 ግብፅ ገቡ። መንገድ እስኪከፈትላቸው ሦስት ዓመት ያህል በግብፅ ከጠበቁ በኋላ በ1829 መጨረሻ ክርስቲያን ኩግለር ከተባለው ባልደረባቸው ጋር ምጽዋ ደረሱ። በሻንጣቸው ይዘውት የመጡት ዋነኛ ዕቃ መነኩሴው አቡ ሩሚ በካይሮ ተቀምጠው ወደ አማርኛ የተረጎሙት፣ በለንደን በ1824 የታተመው ወንጌል ነበር፤ የመጀመሪያው ጉዟቸው እንግዲህ የቃል ጉዞ ነበር ማለት ይቻላል፤ የላካቸውም ማኅበር ከእጃቸው የጠበቀው በይበልጥ መጽሐፍ እንዲያድሉ ነው።

በ1830 ጎንደር በገቡ ጊዜ ከተማዪቱ የዘመነ መሳፍንት ከተማ ነበረች፤ ዘመነ መሳፍንት ማለት ንጉሠ ነገሥቱ በስም ብቻ ሲቀመጥ የየአውራጃው ጌቶች እያወጡ እያወረዱት፣ እርስ በርሳቸውም እየተዋጉ አገሩን የተከፋፈሉበት ጊዜ ነው። ካህናቱም በበኩላቸው በቅባት፣ በጸጋና በተዋሕዶ ተከፋፍለው ስለ ክርስቶስ ልደትና ባሕርይ ይከራከሩ ነበር። ጎባት ለወራት በጎንደር ተቀምጠው ከሊቃውንቱ ጋር የተነጋገሩትን፣ ስለ ቤተ እስራኤልም ያዩትንና የሰሙትን በማስታወሻቸው መዝግበው በ1834 በለንደን አሳትመዋል። ከኋላቸው ከመጡት አንዳንድ ባልደረቦቻቸው የሚለዩትም በክርክር ከማሸነፍ ይልቅ ማድመጥን በማስቀደማቸው ነው፤ አንድ እንግዳ የአገሩን ሰው በቋንቋው ጠይቆ መልሱን በትዕግሥት ሲሰማ ማየት ለጎንደር ሊቃውንት አዲስ ነገር ነበር።

በትግራይ ደግሞ የጎባት ጠባቂና ወዳጅ የነበሩት ደጃዝማች ሰባጋዲስ ናቸው። ሰባጋዲስ ጎባት ከመምጣታቸው በፊት መሣሪያ ለማግኘት ወደ እንግሊዝ ንጉሥ መልእክተኛ የላኩ መስፍን ሲሆኑ፣ በ1831 በደብረ ዐባይ ጦርነት ድል ሆነው ተገደሉ። አገሩ ሲታወክ ጎባት ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም ተጠግተው ከረሙ። ይህ ነገር ለኋለኛው ታሪክ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ጎባት የአገሩ መሳፍንት ከአውሮፓ ከምንም በፊት ምን እንደሚፈልጉ በመጽሐፍ ሳይሆን በዐይናቸው ያዩ ሰው ነበሩና። በ1830ዎቹ አጋማሽ ሚስታቸውን ይዘው ሲመለሱ ጽኑ ሕመም ያዛቸው፤ ሁለት ዓመት ያህል በዐድዋ አልጋ ላይ ከቆዩ በኋላም በ1836 ከአገሩ ወጡ። ዳግመኛ አልተመለሱም። ሥጋቸው ከወጣ በኋላ ግን ሐሳባቸው በኢትዮጵያ እንደ ቀረ የቀረው ዘመናቸው ያስረዳል።

የኢየሩሳሌም መንበር የተመሠረተው በ1841 ነው። ኋላ የጀርመን መንግሥት እምብርት የሆነችው የፕሩሲያ ንጉሥ ፍሬድሪክ ዊልሄልም 4ኛ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ተዋውለው፣ አንድ የፕሮቴስታንት ጳጳስ በቅድስቲቱ ከተማ እንዲቀመጥ፣ እጩውንም ሁለቱ ዘውዶች በየተራ እንዲያቀርቡ፣ ቡራኬው ግን በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንዲሆን ተስማሙ፤ ንጉሡም ለመንበሩ መተዳደሪያ 15,000 ፓውንድ መደቡ። ምክንያቱ የጸሎት ብቻ አልነበረም። በቱርክ ግዛት ፈረንሳይ የካቶሊኮች ጠባቂ ነኝ ትላለች፣ ሩሲያ የኦርቶዶክሶች ጠባቂ ነኝ ትላለች፤ እንግሊዝና ፕሩሲያ ግን በዚያ ምድር እንጠብቀዋለን የሚሉት ሕዝብ አልነበራቸውም፤ ጳጳስ መላክ ደግሞ የሚጠበቅ ሕዝብ የማግኛ መንገድ ነው። በእንግሊዝ አገር ስመ ጥር የነበሩት ጆን ሄንሪ ኒውማን ይህን መንበር አጥብቀው ተቃውመው፣ ልባቸውን ከአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ካራቁት ነገሮች አንዱ አድርገው ቆጥረውታል። የመጀመሪያው ጳጳስ ማይክል ሰሎሞን አሌክሳንደር በ1845 ሲያርፉ ተራው የፕሩሲያ ነበርና ንጉሡ ጎባትን መረጡ፤ እርሳቸውም ሐምሌ 5 ቀን 1846 በለንደን፣ በላምቤዝ ተቀብተው በዚያው ዓመት መጨረሻ ኢየሩሳሌም ገቡ።

በፖለቲካ የተሠራ ወንበር የተቀመጠበትን ሰው ሁሉ ፖለቲከኛ ያደርገዋል ማለት አይደለም፤ በወንበሩ ላይ ሆኖ የሚሠራው ደግነት ሁሉ ግን የወንበሩን ጥላ ይዞ ይሄዳል። ለዚህ ማስረጃው የዴር ሡልጣን ነገር ነው። ዴር ሡልጣን ከጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የሚገኘው የኢትዮጵያውያን ገዳም ሲሆን፣ በ1838 በተነሣ ወረርሽኝ አብዛኞቹ መነኮሳት ካለቁ ወዲህ የይዞታው ነገር ከግብፃውያንና ከአርመኖች ጋር ማብቂያ የሌለው ክርክር ሆኖ ነበር። መነኮሳቱ በከተማዋ ውስጥ ቋንቋቸውን የሚያውቅ አንድ ባለ ሥልጣን ሲያገኙ ወደ እርሱ መሄዳቸው የሚያስገርም አይደለም፤ ጎባትም ከእንግሊዙ ቆንስል ጄምስ ፊን ጋር ሆነው ጉዳያቸውን ደገፉላቸው። ድጋፉ ከልብ የመነጨ እንደ ነበር መጠራጠር አያሻም፤ ዳሩ ግን በሌሎቹ ማኅበራት ዐይን አንድ የእንግሊዝ ጳጳስ አንድን ድኻ ማኅበር ሲጠብቅ የሚታየው ጳጳሱ ሳይሆን እንግሊዝ ናት፤ መነኮሳቱም ከወዳጃቸው ደግነት ጋር የማያውቁትን የነገሥታት ፉክክር አብረው ተቀበሉ።

ጎባት ለኢትዮጵያ ያሰቡት ትልቁ ነገር ግን ገና አልመጣም ነበር። በባዝል አጠገብ ባለ ኮረብታ ላይ ክርስቲያን ፍሬድሪክ ስፒትለር በ1840 የቅድስት ክሪስቾናን ተቋም መሥርተው ነበር፤ ይህ ቤት ያልተቀቡ ምእመናንን፣ አናጢዎችንና ቀጥቃጮችን ወንጌል አስተምሮ ወደ ዓለም የሚልክ ነበር። ተላኪዎቹ እንጀራቸውን በእጃቸው እየበሉ፣ ሙያቸውን እያስተማሩ፣ በአኗኗራቸው እንዲሰብኩ ይታሰብ ነበር። ስፒትለር ከዚህ አልፈው ከኢየሩሳሌም እስከ ኢትዮጵያ በ12ቱ ሐዋርያት ስም የሚጠሩ 12 ጣቢያዎች ያሉት «የሐዋርያት መንገድ» እንዲዘረጋ አልመው ነበር፤ መንገዱ ሳይፈጸም ቀረ። ጎባት ባለ እጆችን የመላክ አሳብ አጋር ሆነው፣ ቀድሞ በአንኮበር ኖረው የነበሩትን ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍንና ወጣቱን ማርቲን ፍላድን በ1855 መንገድ እንዲጠርጉ ላኩ፤ ከዚያም ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንትስለን፣ ኋላም ቫልድማየርና ዛልሙለር ተከተሉ። የጳጳሱ ስሌት ግልጽ ነበር፤ በጎንደር ክርክር እንደማያስገባ አይተዋል፣ በዐድዋ ሥጋ እንደማይችል አይተዋል፤ ሰባኪ የማይገባበት በር ለባለ እጅ ይከፈታል፣ ባለ እጁም ከገባ ቃሉ ከእርሱ ጋር ይገባል። እጅ ቅርጫት፣ ቃል ፍሬ መሆኑ ነው።

በሌላው ወገን ያለውም ሰው የራሱ ስሌት ነበረው። በ1855 የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ የተበታተነውን አገር በአንድ ክንድ ለመሰብሰብ የተነሡ ሰው ነበሩ፤ የአውሮፓን ኃይል ምንጭ ሲመረምሩም ምንጩን ከእጅ ጥበብ ላይ አገኙት። ስብከት የአገሩ ቤተ ክርስቲያን ነገር ስለሆነ እንዲነካባቸው አልፈለጉም፤ ባለ እጅ ግን ይምጣ አሉ። ስለዚህ ጳጳሱና ንጉሠ ነገሥቱ በአንድ ቃል ተስማሙ፣ በቃሉ ፍቺ ግን አልተገናኙም፤ አንዱ «ባለ እጅ» ሲል ቅርጫቱን አስቦ ፍሬውን ይጠብቃል፣ ሌላው «ባለ እጅ» ሲል ቅርጫቱን ራሱን ይፈልጋል። ሁለት ሰዎች በቃል ተስማምተው በፍቺ ሲለያዩ ፍቺውን የሚወስነው ሥራው የሚሠራበት ቦታ ጌታ ነው፤ ቦታው ደግሞ የቴዎድሮስ አገር ነበር።

ባለ እጆቹ የሰፈሩት ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ነው። መጀመሪያ የተበላሸ ጠመንጃ ጠገኑ፣ መንገድ ሠሩ፣ ሠረገላ ሠሩ፣ ልጆችን አስተማሩ፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ከጥገና ወደ ሥራ፣ ከሠረገላ ወደ መድፍ የተሻገሩት በአንድ ቀን አልነበረም። መድፍ እንዲያፈሱ በታዘዙ ጊዜ ይህ ሙያችን አይደለም ብለው ተከላከሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን አልለቀቋቸውም፤ የመጀመሪያው ሙከራ ቢበላሽም እየደጋገሙ ሠርተው በመጨረሻ ተሳካላቸው። በዘመኑ ከነበረው ሥራ ሁሉ የገነነው «ሴባስቶፖል» ተብሎ የተሰየመው፣ ክብደቱ 7 ቶን ገደማ የሚሆነው መድፍ ነበር። ወንጌል እንዲያደርሱ የተላኩ እጆች ብረት አቅልጠው ባፈሰሱ ጊዜ ጳጳሱ በኢየሩሳሌም በመንበራቸው ተቀምጠው ነበር።

ያ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ምሽግ ወደ መቅደላ የሄደበት መንገድ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ስለ እጅ ሥራ ከተጻፉት ምዕራፎች ሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ነው። ከ1867 የመከር ወራት እስከ 1868 መጋቢት ድረስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በገመድ እየጎተቱ፣ ገደሉ እየተቆረጠ፣ ድንጋዩ እየተፈነቀለ መድፉ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ሲራመድ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሁሉ ቀድመው ድንጋይ በእጃቸው እያነሡ መንገዱን ይደለድሉ እንደ ነበር አብረው የነበሩት ባለ እጆች መስክረዋል። በእጁ የሚሠራ ሰው በሚናቅበት አገር ዘውድ የጫነ ሰው ድንጋይ ሲሸከም የታየበት ጊዜ ይህ ነው፤ የሚያሳዝነው ግን ያ ታላቅ ትሕትና የተከፈለለት ነገር መድፍ መሆኑ ነው። ሚያዝያ 10 ቀን 1868 በመቅደላ አጠገብ በአሮጌ ሜዳ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት ከመጣው የእንግሊዝ ጦር ጋር ውጊያ ሲገጠም የቴዎድሮስ ሠራዊት በአንድ ከሰዓት በኋላ ተሸነፈ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሠዉ፤ ያ ሁሉ እጅ የደከመለት ሴባስቶፖልም ያችን ቀን አላዳናትም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይመለሳል፤ የጋፋት ሥራ የማን ነው? ከሦስት መልሶች አንዱን መምረጥ ይቻላል። የመጀመሪያው መልስ ሰው የሚመዘነው ባሰበው ነው፣ ጳጳሱ ደግሞ ሰላምን አስበዋልና ነጻ ናቸው የሚል ነው። ይህ መልስ ልብን ለሚመረምር አምላክ ይበቃው ይሆናል፤ በሰዎች መካከል ግን አሳብ የሥራ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም፣ በበጎ አሳብ የተተከለ ሁሉ በጎ ቢያፈራ ኖሮ ዓለም ገነት በሆነች ነበር። ሁለተኛው መልስ የላከ ሰው የተላከው የሠራውን ሁሉ ይሸከማል የሚል ነው። ይህም ከመጠን በላይ ይከብዳል፤ እንዲህ ከሆነ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ አባት፣ ደቀ መዝሙሩን የሚያሰናብት መምህር፣ ዕቃውን ለገበያ የሚያወጣ ሠራተኛ ሁሉ አንድ እርምጃ ሊራመድ አይችልም፤ ባለ እጆቹም ፈቃድ የሌላቸው መሣሪያዎች ሆነው ይቀራሉ፣ የንጉሡም ፈቃድ ይሰረዛል።

ሦስተኛው መልስ ከማዕረጉ ስም ውስጥ ይወጣል። ኤጲስ ቆጶስ ተመልካች ከሆነ መለኪያው መመልከት ነው፤ ዐይኑ ሊደርስበት እስከሚችለው ድረስ ተመልክቷል ወይስ አልተመለከተም ነው ጥያቄው። በዚህ ሚዛን ሲታይ የጎባት ነገር ከሌላ ሰው ይከብዳል፤ ሩቅ ሆነው አገሩን የማያውቁ ላኪ አልነበሩም፣ የሰባጋዲስን ፍላጎት ያዩ፣ የደብረ ዐባይን ማግስት በደብረ ዳሞ የተሸሸጉ ነበሩ። በዘመነ መሳፍንት ፍርስራሽ ላይ ለተነሣ ተዋጊ ንጉሥ ብረት የሚያቀልጥ ሰው ሲላክ ንጉሡ ከብረቱ ምን እንደሚፈልግ መገመት ትንቢት አይጠይቅም። ልብ ካላየ ዐይን አያይም ይባላል፤ ጳጳሱ ያላዩት ዐይን አጥተው ሳይሆን ልባቸው ከፍሬው ላይ ተተክሎ ቅርጫቱን ስላላየው ነው።

ይህም ወደ ጥልቁ ስሕተት ያደርሳል። ጎባትና ስፒትለር የእጅን ሥራ አልናቁም፤ እንዲያውም በዘመናቸው ከነበሩት ብዙዎች ይልቅ አከበሩት። ነገር ግን ያከበሩት ለሌላ ነገር መግቢያ ስለሆነ ነው። ቴዎድሮስም አከበሩት፤ ለባለ እጆቹ ማዕረግና ሀብት ሰጡ፣ ያከበሩት ግን ኃይል ስለሆነ ነው። የአገሩ ልማድ ደግሞ ባለ እጁን በአደባባይ ንቆ ሥራውን በጓዳ ይጠቀምበት ነበር። ሦስቱም ወገኖች፣ ማለትም አንዱ በፍቅር፣ አንዱ በጥድፊያ፣ አንዱ በንቀት፣ የተስማሙበት ነገር ቢኖር የእጅ ሥራ ለራሱ ትርጉም የለውም፣ ትርጉሙን የሚሰጠው ሌላ ነው የሚለው ነው። ሙያ ባዶ ዕቃ ተደርጎ ሲላክ ደግሞ ተቀባዩ የፈለገውን ይሞላበታል።

የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ይህን ነገር በሌላ መንገድ ታውቀዋለች። አፈሩን ወቅጣ ነፍታ፣ በውሃ አላቁጣ፣ በእጇ ብቻ አሽከርክራ ጀበናውን ወይም ምጣዱን ታወጣዋለች፤ በለስላሳ ድንጋይ እያሸች ታለሰልሰዋለች፣ በጥላ ታደርቀዋለች፣ ከዚያም በእንጨትና በቅጠል እሳት ታቃጥለዋለች። ከእሳት ወጥቶ ሲበርድ ለገበያ ከማውጣቷ በፊት በጣቷ ታንኳኳዋለች፤ የጠራ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ግን ዐይን የማያየው ስንጥቅ አለበትና ትለየዋለች። ሥራው ግን በዚያ አያበቃም። የገዛችው ባልቴት ምጣዱን ቤቷ ወስዳ በጎመን ዘር እያሸች በእሳት ታሟሸዋለች፤ ማሟሸት ማለት አዲስ ሸክላ እንዲጠግብና እንዲለሰልስ፣ እንጀራውን እንዳይዝበት መጀመሪያ በዘይትና በእሳት ማለማመድ ነው። ሠሪዋ ብቻዋን ምጣድ አትሠራም፤ ሥራውን የሚፈጽመው ተቀባዩ ነው። በሚገባ ካልተሟሸ ጥሩው ምጣድ ይበላሻል፣ ስንጥቅ ያለበትን ግን ማንም አሟሽቶ አያድነውም።

በዚህ ምሳሌ የሠሪና የተቀባይ ድርሻ ተለይቶ ይታያል። ቴዎድሮስ የተላከላቸውን ጥበብ በጦር እሳት አሟሹት፤ ይህ የእርሳቸው ድርሻ ነው፣ ከእርሳቸውም አይወሰድም። ሸክላ ሠሪዋም ምጣዷ በማን ቤት እንደሚሰበር አትጠየቅም። የምትጠየቅበት አንድ ነገር አለ፣ እርሱም ማንኳኳቱ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለጳጳሱ መቅረቡ ተገቢ ነው። ከመላካቸው በፊት የአሳባቸውን ሸክላ ቢያንኳኩት ኖሮ፣ «ሙያውን ከወደዱት፣ ቃሉን ግን ካልፈለጉት ምን ይሆናል?» ብለው ቢጠይቁ ኖሮ፣ ስንጥቁ ይሰማ ነበር።

ተመሳሳይ ስንጥቅ ከሌላ መንበርም ተሰምቷል። በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ሰላማ ከእስክንድርያ የተላኩ ግብፃዊ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ጳጳሷን ከውጭ የምትቀበል አገር ነበረችና። አቡነ ሰላማ ቴዎድሮስን ቀብተው አነገሡ፤ በኋላም ከንጉሡ ጋር ተጣልተው በመቅደላ ታስረው በ1867 በዚያው ዐረፉ። ሁለቱ ጳጳሳት በሃይማኖት ሥርዓት የተለያዩ ቢሆኑም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም የሌሎችን ውል ተሸክመው ተልከዋል፣ ሁለቱም በአንድ ንጉሥ ፊት የሥልጣናቸውን ድንበር አግኝተዋል። ልዩነታቸው አቡነ ሰላማ የመላካቸውን ዋጋ በገዛ ሥጋቸው ሲከፍሉ የጎባትን ዋጋ የከፈሉት የላኳቸው ሰዎች መሆናቸው ነው።

ጎባት በ1879 በ80 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐርፈው በጽዮን ተራራ ተቀበሩ፤ ከ7 ዓመት በኋላም ፕሩሲያ ከውሉ ወጣችና ሁለት ነገሥታት ያቆሙት መንበር በዚያ መልኩ ፈረሰ። የላኳቸው እጆች ግን ከውሉ በላይ ኖሩ። በጋፋት ከነበሩት አንዱ የሆኑት ቴዎፍሎስ ቫልድማየር ከመቅደላ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄደው በብሩማና ትምህርት ቤት፣ በአስፉሪዬም ለአእምሮ ሕሙማን የሚሆን ሆስፒታል መሠረቱ። መድፍ ያፈሰሰ እጅ ለሕሙማን ቤት ሠራ ማለት ነው፤ ጥፋቱ ከመጀመሪያውም በእጁ ላይ እንዳልነበር ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

በኢትዮጵያም የባለ እጅ ነገር በመቅደላ አላበቃም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አወጡ፤ ልማድ ግን በዐዋጅ በአንድ ቀን አይሻርምና የቀጨኔ እናቶች ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን የሠሩትን ምጣድ እየሸጡ ከጎረቤት ቡና ተለይተው ኖረዋል። አማርኛ ራሱ በዚህ ነገር ላይ ይመሰክራል፤ «ጥበብ» ማለት የሊቅ ዕውቀት ነው፣ «ጥበብ» ማለት ሸማኔው በቀሚስ ጫፍ የሚጥለው ጌጥም ነው፤ ቋንቋው አንድ ያደረገውን ልማድ ለያየው። ከዚህም የሚያስደንቀው ልማዱ ባለ እጁን የከሰሰበት ነገር ዐይኑ መሆኑ ነው። በዐይኑ ይበላል ተብሎ የተፈራው ሥራውን አንኳኩቶ፣ መርምሮ፣ ስንጥቁን ለይቶ የሚያወጣው ሰው ነው፤ በዐይኑ ይጠብቃል ተብሎ የታመነው ደግሞ ከመንበሩ ሆኖ የላከውን ያልመረመረው ነው። የኤጲስ ቆጶስነት ትርጉም መመልከት ከሆነ፣ የማዕረጉን ግብር ያለ ማዕረጉ የፈጸመችው ሸክላ ሠሪዋ ናት።

ዛሬ በአዲስ አበባ፣ በቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖል አምሳያ ቆሟል፤ መንገደኛው ሁሉ ያየዋል፣ ልጆች የነጻነትና የቁጭት ምልክት መሆኑን ይማራሉ፣ መማራቸውም ተገቢ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ባለው ሰፈር ደግሞ ምጣድና ጀበና በየደጁ ተደርድሮ ፀሐይ ይመታዋል። ሁለቱም የእጅ ሥራዎች ናቸው፤ የአንደኛውን ሠሪዎች ላኪያቸውም ተቀባያቸውም ለየራሱ ጉዳይ ፈልጓቸው ነበር፣ ሁለተኛውን ግን የምትሠራው ሴት ማንም አልላካት፣ ለማንም ምልክት አትሆን፤ የምትሠራው እንጀራ እንዲጋገርበት ነው። ከዕቃዎቹ መካከል ጎንበስ ብላ አንዱን አንሥታ በጣቷ ስታንኳኳ፣ ጆሮዋንም ወደ ድምፁ አዘንብላ ስትቆይ፣ በዚያች አጭር ዝምታ ውስጥ ያለው ጥንቃቄ ጳጳሱ ባለ እጆቻቸውን ለመንገድ ሲያሰናብቱ የጎደላቸው ጥንቃቄ ነው።